ሽንኩርት ከመስኖ ማሳ እስከ ማዳበሪያ ከረጢት

ሽንኩርት የማይገባበት ወጥ እጅግ ጥቂት ነው። ጾም ሆነ ፍስክ፣ ሽሮ ሆነ ዶሮ፣ ሥራው የሚጀመረው ሽንኩርት ተከትፎ ድስት ውስጥ ሲገባ ነው። በዓል በደረሰ ቁጥር የከተማ ሰው ከዶሮው ዋጋ ቀጥሎ የሚጠይቀው የሽንኩርቱን ዋጋ ነው። ሆኖም ዛሬ በየገበያው በከረጢት ተደርድሮ የሚታየው ባለ ትልቅ ራሱ ቀይ ሽንኩርት በአገራችን በስፋት መመረት ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ብዙም እንደማይበልጥ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሌላ ሽንኩርት ነበር። አሁን ደግሞ ሽንኩርት በጀሪካን፣ በአሮጌ ጎማና በማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ በየበረንዳው ብቅ ማለት ጀምሯል። ከአምራቹ ገበሬ ይህንን አንዳንዱ እንደ ጨዋታ፣ አንዳንዱም ገበያውን እንደሚሻማ ተፎካካሪ ሊያየው ይችላል። ነገሩን በአግባቡ ለመመዘን ሽንኩርቱ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ማየት ያስፈልጋል።

የሐበሻ ሽንኩርት

የሽንኩርት ዘር መገኛው መካከለኛው እስያ እንደሆነ ይታመናል። ወደ ግብፅ የገባው ግን እጅግ በጥንት ዘመን ነው። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ ከናፈቋቸው የግብፅ ምግቦች መካከል ቀይ ሽንኩርት ተጠቅሷል። ግብፃውያን የነገሥታታቸውን አስከሬን ሲያደርቁ ሳይቀር ይጠቀሙበት ነበር፤ በራምሴስ 4ኛ አስከሬን የዓይን ጉድጓድ ውስጥ ትናንሽ ሽንኩርቶች ገብተው ተገኝተዋል።

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ለረጅም ዘመን ሲመረት የኖረው ሰዎች «የሐበሻ ሽንኩርት» የሚሉት ነው። ራሱ ትንሽ፣ ሽታው ኃይለኛ፣ ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ በዘለላ የሚወጣ ነው። ከቀይ ሽንኩርት ጋር የአንድ ዝርያ ቤተሰብ ቢሆንም ትልቁ ልዩነታቸው በአተካከል ላይ ነው። የሐበሻ ሽንኩርት እንደ ነጭ ሽንኩርት ራሱ ይተከላል፤ አንዱ ራስ መሬት ገብቶ ብዙ ሆኖ ይወጣል። ገበሬው ካመረተው ላይ ለዘር የሚሆነውን መርጦ ያስቀምጣል እንጂ ዘር ፍለጋ ገበያ አይወጣም። በሐረርጌ፣ በአድአ፣ በምንጃርና በጎጃም ይህ ሽንኩርት የጓሮም የማሳም ሰብል ነበር።

የዕቃ ተከላው ታሪክ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተንጠልጥሎ ወይም በቆጥ ላይ ተሰጥቶ የከረመ የሐበሻ ሽንኩርት ክረምት ሲገባ ራሱን በራሱ ያበቅላል። የበቀለ ሽንኩርት ለወጥ ብዙም አይሆንም። የባልትና ሰው ግን አይጥለውም። ከተሰበረ እንስራ የቀረ ገል ወይም አሮጌ ድስት ውስጥ አፈር ተደርጎ ይተከልና ቅጠሉ እየተቆረጠ ይበላል። ከደጃፍ ጤና አዳምና በሶብላ የተተከለበት ጣሳ ጎን ሽንኩርት መታየቱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ዕቃው ነው። ገሉን ቆርቆሮ ተካው፣ ቆርቆሮውን የእርዳታ ዘይት ጣሳ፣ ጣሳውን ደግሞ ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን።

የሐበሻ ሽንኩርት ግን ከባድ ድክመት ነበረበት። አንድ ሄክታር ለመሸፈን ከ10 ኩንታል በላይ የዘር ሽንኩርት ይጠይቃል። ይህን ያህል የሚበላና የሚሸጥ ምርት ለዘር ማስቀመጥ ለድሃ ገበሬ ቀላል አይደለም። ከዚህም ሌላ በሽታው ከራሱ ጋር ከዓመት ዓመት ይተላለፋል። ቀይ ሽንኩርት በአንጻሩ በፍሬ የሚዘራ በመሆኑ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዘር ብቻ ነው። በአህያ የሚጫነውን ያህል ዘር በፌስታል መያዝ ተቻለ። ይህ ልዩነት ብቻውን የሽንኩርትን ታሪክ ለመለወጥ በቂ ነበር።

«አዳማ ሬድ»

የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. ዛሬ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚባለው ጣቢያ በናዝሬት አቅራቢያ ሥራ ጀመረ። ጣቢያው በአትክልትና ፍራፍሬ ላይ ካከናወናቸው ሥራዎች ሁሉ እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ ዘልቆ የገባው ምናልባት የሽንኩርት ሥራው ነው። ከውጭ የመጡ ዝርያዎች በአዋሽ ሸለቆ አየር ላይ ተፈትነው «አዳማ ሬድ» በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) ተለቀቀ። «ቦምቤ ሬድ» የተባለውም ገበሬው ዘንድ ገባ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ «መልካም» የተሰኘው ዝርያ ተከተለ።

ዝርያ መምረጡ ለምን ዓመታት እንደፈጀ የማይገባው ሰው ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ የቀን ርዝመት ነው። ሽንኩርት ቅጠል ከማብዛት ወጥቶ ራስ ማሰር የሚጀምረው ቀኑ የተወሰነ ሰዓት ሲደርስለት ነው። የሰሜን አውሮፓ ዝርያዎች 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀን ይፈልጋሉ። በኢትዮጵያ ግን ረጅሙ ቀን ከ13 ሰዓት ገደማ አይበልጥም። ስለዚህ እነዚያ ዝርያዎች እዚህ ሲዘሩ አምሮባቸው ይለመልማሉ፤ ራስ ግን አያስሩም። ከውጭ አገር ዘመድ በላከው ፓኬት ዘር በበረንዳው ዕቃ ሽንኩርት የተከለ የከተማ ሰው አራት ወር ውኃ አጠጥቶ ቅጠል ብቻ ያገኘ እንደሆነ ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ አፈሩም ማዳበሪያውም አይከሰሱም። ዘሩ ለሌላ ሰማይ የተዘጋጀ ነው። በአጭር ቀን ራስ የሚያስሩትን እንደ አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ ያሉትን መርጦ ማውጣት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ዝርያዎች በጠባያቸው ይለያያሉ። ቦምቤ ሬድ ተዛውሮ ከተተከለ በኋላ በሦስት ወር ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይደርሳል። ገበያ ለመቅደም የሚሻ ገበሬ የሚወደውም ለዚህ ነው፤ በመጋዘን ግን ብዙ አይቆይም። አዳማ ሬድ እስከ አራት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

የመንግሥት እርሻ፣ የገበሬ ፓምፕ፣ ዩኒየን

በደርግ ዘመን ሽንኩርት በብዛት ይመረት የነበረው በላይኛው አዋሽ እንደ ኑራ ኤራ ባሉ የመንግሥት እርሻዎች ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪም ከኢትፍሩት ሱቅ ተሰልፎ ይገዛ ነበር። አነስተኛው ገበሬ በሽንኩርት ገበያ ውስጥ ዋና ተዋናይ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር በግልና በቡድን መገዛት ሲጀምር ከመቂና ከዝዋይ (ዛሬ ባቱ) ዳርቻ እስከ ፎገራ ሜዳ፣ ከምንጃር ሸንኮራ እስከ ቆቦ ድረስ ሽንኩርት የመስኖ ሰብል ሆነ። ለብዙ ገበሬ ቤት የቆርቆሮ ክዳን ያለበሰው ጤፍ ሳይሆን ሽንኩርት ነው።

በኅብረት ሥራ ረገድ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የመጀመሪያው ድንጋጌ ቁጥር 44 በ1953 ዓ.ም. ወጣ። በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 241፣ በደርግ ዘመን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 138 ተከተሉ። በአምራችነት ስም በግዴታ የተደራጁት ማኅበራት ሥርዓቱ ሲዳከም እንዴት እንደፈረሱ አባላት ያስታውሳሉ፤ «ማኅበር» የሚለው ቃል ራሱ ለዓመታት ጥርጣሬ ይቀሰቅስ ነበር። በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተው አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን የመሰባሰብ ዕድል አገኙ። የመቂ ባቱ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚህ መሠረት ነው። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ቀዳሚውን ተክቷል።

ዩኒየኖች ከሁሉ በላይ የታወቁት ግን በማዳበሪያ ሥርጭት ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ በስፋት መታየት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባካሄዳቸው የሠርቶ ማሳያ ሥራዎችና በኋላም በጭላሎና በመለስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራሞች አማካይነት ነው። ማዳበሪያው ሲመጣ ከረጢቱም አብሮ መጣ። ከረጢቱ እህል ተጫነበት፣ ከሰል ተሸጠበት፣ ጣራ ተደፈነበት። ውሎ አድሮ ስሙንም ወሰደ። ዛሬ ልጅ ልከው «ማዳበሪያ አምጣ» ቢሉት ይዞ የሚመጣው ባዶውን ከረጢት ነው። በዩኒየን መጋዘን በኩል ዳፕና ዩሪያ ጭኖ ገጠር የገባው ይኸው ከረጢት ተመልሶ ከተማ ገብቶ አፈር ተሞልቶበት የሽንኩርት መደብ ሆነ።

በከረጢት መትከል በሌላም አገር የታወቀ ነው። በኬንያ ናይሮቢ ኪቤራ በተባለው የተጨናነቀ ሰፈር በ2000 ዓ.ም. ከምርጫው ብጥብጥ በኋላ የምግብ ዋጋ ሲንር ብዙ ሺህ ቤተሰብ በረድኤት ድርጅት ድጋፍ ጎመንና ቅጠላ ቅጠል በከረጢት ተክሏል። በከረጢቱ መሃል ጠጠር እንደ ምሰሶ ተደርጎ ውኃው እስከ ታች እንዲወርድ ይደረጋል፤ ጎኑም ተበስቶ ይተከልበታል።

የክረምት ሽንኩርት ጉዳይ

የሽንኩርት ገበያ ሁለት ፊት አለው። ከጥር እስከ ሚያዝያ የመስኖው ምርት በአንድ ጊዜ ሲገባ ዋጋው ይወድቃል። የጉልበት ዋጋ እንኳ ስለማይመልስ ማሳ ላይ የተተወበት ዓመት ብዙ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ ይወደዳል። በክረምት ኮትቻው አፈር ውኃ ይቋጥርና የሽንኩርቱ ሥር ይታፈናል፤ እርጥበቱ ቅጠሉን በሐምራዊ ነጠብጣብ በሽታ ያስመታዋል። ከመኸሩ በፊት የተከማቸውም ብዙ አይቆይም። ገበሬው ርካሽ በሆነ ጊዜ ይሸጣል፣ ሸማቹ በተወደደ ጊዜ ይገዛል፣ መሃል ላይ ያለው ልዩነት የሁለቱም አይደለም።

ይህ የተለመደ ክረምታዊ ውጣ ውረድ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከልክ አለፈ። በአዲስ አበባ ገበያ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በአገር ውስጥ የነበረው የጸጥታ ችግርና የመንገድ መስተጓጎል፣ የግብዓት ዋጋ መናር ተደራርበው ነበር፤ በክፉ ቀን ሽንኩርት ይመጣበት የነበረው ሱዳንም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ነበር። ሽንኩርት በግማሽ ኪሎና በሩብ ኪሎ መሸጡ ያኔ በግልጽ ታየ። በከተማ ግብርና በኩል በዕቃ መትከል ሰሚ ያገኘውም በዚሁ ሰሞን ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ትኩረቱ በወተት፣ በእንቁላል፣ በማርና በመሳሰሉት ላይ ቢሆንም በየግቢው የማምረት ስሜት እንዲነቃቃ አድርጎ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላው ዓለምም ደርሷል። ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የምትበላውን ሽንኩርት አብዛኛውን የምትገዛው ከባሕር ማዶ፣ በተለይም ከፈረንሳይ የብሪታኒ ጠረፍና በመካከል ካሉት ደሴቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን ሁለቱንም ስትይዝ አቅርቦቱ በአንድ ክረምት ተቋረጠ። ሽንኩርት እንደ ብርቅ ዕቃ በዕጣ እስከ መውጣት ደረሰ፤ በስጦታም ይላክ ነበር። መንግሥት ሕዝቡ ሣር ሜዳውን ቆፍሮ አትክልት እንዲተክል ቀሰቀሰ፤ መሬት የሌለው በሳጥን ተከለ። የአገሬው ገበሬም ከዚያ ቀደም ለውጭ የተወውን ሽንኩርት በማሳው ላይ ማምረት ግድ ሆነበት።

በዕቃ ምን ያህል ይገኛል?

የሽንኩርት ሥር ጥልቀት የለውም። አብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ባለው የላይኛው አፈር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጎመን ወይም ቲማቲም የማይመቸው ጥልቀት የሌለው ዕቃ ለሽንኩርት ይበቃዋል። ወሳኙ ነገር የዕቃው ታች መበሳቱ ነው። ያልተበሳ ጀሪካን በክረምት ከኮትቻ ማሳ የባሰ ነው። አፈሩ ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢሆን ውኃ አያግትም። ችግኙ በ45 ቀን ገደማ ይዛወራል፤ በመካከሉ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይተዋል። ለቅጠሉ ብቻ ከሆነ ግን ተጠጋግቶ ቢተከልም ጉዳት የለውም። ዕቃ ከማሳ ፈጥኖ ስለሚደርቅ በበጋ በየቀኑ መጠጣት አለበት። አንገቱ መተኛት ሲጀምር ውኃው ይቆማል፤ እስከ መጨረሻው የጠጣ ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላ ይበሰብሳል። ቤቱ ጥላ ከሆነ ደግሞ መድከሙ ዋጋ የለውም። ሽንኩርት ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ የአፓርታማ በረንዳ አብዛኛው ይህን አያሟላም።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። አፉ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ዕቃ 8 ራስ ያህል ይይዛል። አንዱ ራስ 100 ግራም ቢመዝን፣ ይህም ጥሩ ሲሆን ነው፣ ከአንድ ዕቃ 800 ግራም ይገኛል። በሳምንት አንድ ኪሎ የሚጠቀም ቤተሰብ ለአራት ወር ፍጆታው ከ20 በላይ ዕቃ መትከል ይኖርበታል። በአንጻሩ በሄክታር 200 ኩንታል የሚያገኝ የመስኖ ገበሬ ከአንድ ጥማድ ወይም ከሩብ ሄክታር የሚያነሳው 50 ኩንታል ከ6 ሺህ በላይ ዕቃ ምርት ጋር እኩል ነው። ሻሸመኔም ሆነ ባሕር ዳር የሚኖር ሰው በረንዳውን ሁሉ በሽንኩርት ቢሞላ የዩኒየንን ገበያ አያናጋም። የዕቃው ጥቅም ቅጠሉ ላይ ነው። የበቀለ ራስ ተተክሎ በሦስትና በአራት ሳምንት ለሰላጣና ለእንቁላል የሚሆን ቅጠል ይሰጣል፤ ተቆርጦም ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። በተለይ በክረምት፣ ማሳው ውኃ ተኝቶበት ሳለ፣ ዝናብ ከማይመታው ደጅ የተቀመጠ ዕቃ ሥራውን ይቀጥላል።

ለአምራቹ አባል ግን ጣሳው ሌላ ጥቅም አለው፤ ይኸኛው ከቅጠል የበለጠ ነው።

ዘሩን በጣሳ መፈተን

ከሐበሻ ሽንኩርት ወደ ቀይ ሽንኩርት የተደረገው ሽግግር ገበሬውን ከ10 ኩንታል የዘር ሸክም ገላግሎታል፤ በምትኩ ግን ዘር ገዢ አድርጎታል። የሽንኩርት ፍሬ ደግሞ ከአትክልት ዘሮች ሁሉ ዕድሜው አጭር ከሆኑት አንዱ ነው። በሞቃት መጋዘን አንድ ሁለት ዓመት የቆየ እንደሆነ የመብቀል ኃይሉ ክፉኛ ይወርዳል። ጥቁር፣ ትንሽና ማዕዘን ያለው ስለሆነ አሮጌውን ከአዲሱ በዓይን መለየት አይቻልም። የከፋው ደግሞ የታወቀ ኩባንያ ባዶ ቆርቆሮ ተሰብስቦ ያለፈበት ዘር ተሞልቶ የሚሸጥበት ጊዜ መኖሩ ነው። ገበሬው ነገሩን የሚያውቀው መደቡ ሳይበቅልለት ሲቀር ነው። ያኔ ኪራዩ ተከፍሏል፣ ነዳጁ ተገዝቷል፣ የመትከያው ወቅትም አልፏል። ብድሩ ግን አይጠብቅም።

አገር ውስጥ የሚመረት ዘር አለ። በመቂና በባቱ አካባቢ ገበሬዎች ከምርታቸው ጥሩ ራስ መርጠው በመስከረምና በጥቅምት ይተክላሉ፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ አበባ ያስወጣዋል፣ ንቦች ያዳቅሉታል፣ ዘሩም ከበጋው አጋማሽ በኋላ ይሰበሰባል። ንብ ግን የማንን ዘር ከማን እንደምታዳቅል አታውቅም። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሌላ ዝርያ ያበበ እንደሆነ አዳማ ሬድ ተብሎ የተሸጠው ዘር በማሳ ላይ የተለያየ ቀለምና ቅርፅ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ከገበሬ የተገዛም ይሁን ከሱቅ፣ ዘሩ መፈተን አለበት። መብቀሉን በጣሳ ማወቅ ይቻላል፤ ዝርያው ንጹሕ መሆኑን ግን ማሳውን ያየ ሰው ካልሆነ በቀር አያውቅም።

ሥራው ቀላል ነው። በአንድ ግራም ውስጥ ከ250 እስከ 300 ፍሬ ስላለ ለፈተናው የሚወጣው ዘር ግማሽ ግራም አይሞላም። ከተለያየ ቆርቆሮ ወይም ፓኬት ጥቂት ጥቂት ተወስዶ 100 ፍሬ ይቆጠራል። ታቹ በተበሳ ጣሳ እርጥብ አሸዋ ወይም የተነፋ አፈር ይደረግና ፍሬዎቹ ከግማሽ ሳንቲሜትር ብዙም ሳይርቁ በመስመር ይቀበራሉ። ጥላ ስር ሆኖ እርጥበቱ ይጠበቃል። ከ6ኛው ቀን ጀምሮ የበቀለው ይቆጠራል፤ በ12ኛው ቀን ይዘጋል። 80 ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። 70 ከሆነ ትንሽ ጨምሮ መዝራት ያስኬዳል። 50 ከሆነ ለአንድ ሄክታር የሚበቃው 4 ኪሎ ዘር የ2 ኪሎ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ያ ዘር በግማሽ ዋጋም ውድ ነው።

ግዢው በማኅበር በኩል ሲሆን ፈተናው የበለጠ ያዋጣል። የግዢ ኮሚቴው ከእያንዳንዱ የምርት ቁጥር ናሙና ወስዶ ገንዘቡ ከመከፈሉ ከሁለት ሳምንት በፊት በሁለት ሦስት ጣሳ ቢዘራ፣ ቆጠራው ላይ ሻጩም ቢገኝ፣ ውጤቱም በቃለ ጉባኤ ቢያዝ ከርክክብ በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ አሸዋውና ጣሳው ነው፤ ጊዜው ግን መታሰብ አለበት። ችግኙ በመደብ ላይ 45 ቀን ስለሚቆይ በጥቅምት መጨረሻ ማሳ ላይ ለመትከል ያቀደ ማኅበር ዘሩን መዝራት ያለበት በመስከረም አጋማሽ ነው፤ ጣሳው ላይ የሚዘራው እንግዲህ ከጳጉሜን በፊት መሆን ይኖርበታል።